የብሎኗ ቱቦ

ጋራዡ ውስጥ “ብሎኗ” ይሏታል። ቁመቷ አጭር፣ አቋሟ ጥብቅ ስለሆነ አንዱ መካኒክ ያወጣላት ስም ነው፤ እሷም አልጠላችውም። ጋራዡ የአባቷ ነው። ትምህርቷን እንደጨረሰች ቱታ ለብሳ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አባቷ እሷን ለማስወጣት ያልሞከረው ዘዴ የለም።

ጠቡ የከረረው በዳገቱ ውድድር ነው። ከከተማው ጀርባ ባለው ጠመዝማዛ ዳገት በየዓመቱ መኪኖች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይሽቀዳደማሉ። ብሎኗ አንዲት የተጣለች ቀይ መኪና አንስታ፣ ሞተሯን ፈታ ገጥማ፣ አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ ቱርቦ ጨምራላታለች። የቀራት ከቱርቦው የሚወጣው ትኩስ አየር ወደ ማቀዝቀዣው ሄዶ፣ በርዶ ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ ብቻ ነው። ልኩ ገበያ ላይ ስለሌለ በእጅ መሠራት ነበረበት።

“በምን ልትሠሪው ነው?” አላት አባቷ በሠራተኞቹ ፊት።

“በአሉሚኒየም።”

ሰውየው ሳቀ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ እንደማያስጠነቅቅ፣ ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት እንደሚፈስ፣ እሱ ራሱ ከብየዳ ጋር አርጅቶ እንኳ እንደሚሸሸው ነገራት። ጥቁር ብረት ቢሆን ግን ማንም ይበይደዋል። ብሎኗ ወይ ፍንክች። ጥቁር ብረት ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱ ተፈርፍሮ ሞተር ውስጥ ይገባል። የማይዝገው ብረት ደግሞ ከባድ ነው፤ ሙቀቱንም ቶሎ አይለቅም። ዳገት ደግሞ ክብደት አይወድም አለችው።

“ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ” አለ አባቷ። ሠራተኞቹ ሳቁለት። ሳቁ ሞቅ ሳያደርገው አልቀረም፤ የጋራዡን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ከፍ አድርጎ ያዘው። “ስሙኝ። ያን ዳገት ሴት አንደኛ ከወጣችው ይሄ ቁልፍ የእሷ ነው። ካልሆነ ግን፣ አንቺ ልጅ፣ ቱታሽን አውልቀሽ ሁለተኛ በዚህ በር እንዳትገቢ።”

“ምስክሮቼ እነዚህ ናቸው” አለች ብሎኗ፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

አሉሚኒየሙን የአባቷ ወዳጅ ከሆነ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ገዛች፤ ሌላ ሻጭ ስለሌለ አንዱ በተበላሸባት ቁጥር የምትመለሰው ወደ እሱ ነው። አሉሚኒየም የሚበይድ የአርጎን ማሽን ካለው ከጎረቤት ጋራዥ ለምና ገባች። የመጀመሪያው ክርን፣ የቱቦው መታጠፊያ፣ እጇ ላይ ቀለጠ። ሁለተኛው ተሰነጠቀ። እያላገጡ የሚያልፉትን ሁሉ ቀና ብላ ሳታይ ሦስተኛውን ቆረጠች።

እቤት እናቷ መጠየቅ አመጣች። ጋራዥ ረግጣ የማታውቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሾፌር ባሏ መኪናውን ትቶላት የሞተ እህቷ ዘንድ ከመሄድ ሌላ መውጫ የሌላት ዝምተኛ ሴት ነች። አሁን ግን ሳህን እያጠበች ትጠይቃለች። አሉሚኒየሙ ሊፈስ ሲል በምን ይታወቃል? ውፍረቱ ስንት ይሁን? ብሎኗ መጀመሪያ የእናት ስጋት መስሏት ሁሉንም አስረዳቻት።

“ቱቦውን ከቱቦ የሚያገናኘው ጎማስ” አለች እናቷ አንድ ቀን፣ “አየሩ ሲበረታ ተስፈንጥሮ አይወጣም?”

ብሎኗ የቱቦው ጫፍ ዙሪያውን አበጥ ተደርጎ ከተበየደ ጎማው ከነማጥበቂያው እንደማያመልጥ ነገረቻት። በማግስቱ አባቷ ጋራዥ ውስጥ፣ “ሦስተኛውም ፈሰሰ አሉ?” ብሎ ሲያሾፍባት ግን ነገሩ በራላት። እቤት ጆሮ ጠቢ አለ።

ማታ እናቷን ፊት ለፊት ጠየቀቻት። “ለእሱ ነው አይደል የምትጠይቂኝ?”

እናቷ የሹራቧን እጅጌ አንጓዋ ላይ ወዳለው ጠባሳ ሳብ አደረገች። ከምድጃ ነው ያለችው የሰሞኑ ቃጠሎ ነው። “ለማንም ልጠይቅ። ላብራራልሽ ካልሽ ታብራሪያለሽ፣ ካላልሽም ትተዪዋለሽ።”

“አብራራለሁ” አለች ብሎኗ በእልህ። “ሂጂና አንድም ሳታስቀሪ ንገሪው። አውቆትም አይሠራውም።” የቀረውን ሁሉ፣ ክርኑ በየት በኩል ቢታጠፍ አየሩ እንደማይታነቅ ሳይቀር፣ ዘረገፈችላት።

የውድድሩ ዕለት እናቷ ልቧ እንደማይችለው ተናግራ በማለዳ እህቷ ዘንድ ሄደች። አባቷ ግን መጣ፤ ሠራተኞቹን አስከትሎ ዳገቱ አናት ላይ ቆመ።

ቀይዋ መኪና ተፎካካሪዋን ሁሉ እየጣለች ወጣች። ብየዳው ያዘ፤ አንድም የቱቦ ጎማ አልተስፈነጠረም። ለመጨረሻው ዙር ከጎኗ የቆመችው ማንም የማያውቃት አሮጌ ነጭ መኪና ነበረች። የሌላ ከተማ መኪና ናት ተባለ። ባንዲራው ሲወርድ እኩል ተነሱ፣ ኩርባዎቹን እኩል ታጠፉ፤ መጨረሻው ላይ ነጯ በአፍንጫዋ ቀደመች።

ብሎኗ ወርዳ ቆመች። ከነጯ ኮፈን ጭስ ቢጤ ስለወጣ ሰዎች ከፍተውት ነበር። አየችው። የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ጫፉ አበጥ ተደርጎ የተበየደ፣ ክርኑ ልክ እንደራሷ የታጠፈ።

ደሟ ፈላ። እናቷ ለአባቷ፣ አባቷ ለዚህ ሰው። ሥራዋን ሸጠውባታል።

አባቷ የጋራዡን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ፈገግ ብሎ መጣ። “ቱታሽን” አለ።

“ቆይ” አለችው፤ ገፍታው አለፈች። ብትሸነፍም አንገቷን የምትደፋ አልነበረችም። ይህን ሌባ በሰው ሁሉ ፊት ልታዋርደው የነጯን መኪና በር በርግዳ ከፈተችና፣ “ውረድ!” አለች።

ሾፌሩ ወረደ፤ ሄልሜቱን ሲያወልቅ፣ እናቷ ነበረች።