ቢጫ የቀረው ብቅል

ጣሊያን በወጣ በአራተኛው ዓመት ነው። የማክሰኝቷ ብርነሽ ለባሏ ለክንዴ ተዝካር ያሰበችውን ብቅል ጓዳ ውስጥ በጉሎ ቅጠል እንደሸፈነች፣ በለቅሶ ደራሽ ብዛት ረሳችው። ስትገልጠው ቡቃያው ጣት አክሏል፤ ብርሃን አጥቶም ቢጫ ሆኗል። ጠዋት ደጅ አሰጣችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎረቤቷ አስናቀች ጮኸች።

«ምነው እቴ! ይህን ምን ጋረደው?»

ብቅሉ ፀሐይ አግኝቶ አረንጓዴ ለብሷል። መሐሉ ግን የተጋደመ ሰው ቅርጽ ይዞ ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። የክንዴ እግር የተቆረጠውም እዚያው ላይ ነበር። በሕይወት ሳለ ስጡን ከወፍ የሚጠብቀው እሱ ነበር፤ ዛሬም ወፍ ዝር ሳይልበት ዋለ።

ሰማዩ ጥርት ብሏል። ብርነሽ እጇን ወደ ቢጫው ሰደደች።

እጇ ላይ ጥላ አረፈበት።