የመሀሉ ግድግዳ

ሻሺቱ ባሏ ተክለወልድ ከሞተ ወዲህ መኝታ ቤታቸው መግባት ስላቃታት ሳሎን ነው የምትተኛው። ክፍሉ ራሱ ቢጠፋ ይሻላል ብላ ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤቷ ውስጥ ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ የሚለየውን የመሀል ግድግዳ ልታስፈርስ ወሰነች።

ግንበኛው እንድሪያስ መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ። ቀጥሎ ጣሪያው እንዳይወርድ በባሕር ዛፍ አጣና ደገፈው። ከዚያ ልስኑን መላጥ ጀመረ።

«እትዬ፣ ይሄን ጭቃ ማነው የመረገው? እንቢ አለኝ እኮ!»

«ተክሌ ነው፤ በተጋባን ዓመት። ራሱ አቡክቶ፣ ራሱ መርጎ፣ ራሱ ለሰነው። ከዚያ ወዲህ የነካው ሰው የለም።»

«በዘጠኝ ጣታቸው?» አለ እንድሪያስ ሳቅ ብሎ።

«ያኔ ዐሥሩም ነበሩ። የቀኝ ሌባ ጣቱን የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን የቆረጠው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።»

እንድሪያስ አንድ ሰፊ ልስን ገንጥሎ ጣለ። ቀና ብሎ ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

ሻሺቱ ተጠጋች። ከልስኑ ሥር፣ ጭቃው ላይ፣ የቀኝ እጅ መዳፍ ታትሟል። ሌባ ጣቱ የለም።

«ልቀጥል፣ እትዬ?»

ሻሺቱ እጇን ዘርግታ መዳፏን በታተመው መዳፍ ላይ አሳረፈች።

ጭቃው ገና አልደረቀም ነበር።