የእማዬ ደረሰኞች

ኡይይ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደረሰኝ ለያዘ ሰው መንግሥት ቫቱን ሊመልስለት ነው! እማዬ ደግሞ የዘይቱንም የሳሙናውንም ደረሰኝ ዓመት ሙሉ በወተት ጣሳ አጭቃ አስቀምጣለች። «ማሚቱዬ፣ በሱ ኪራዩን ከከፈልን አከራይዋ አታስወጣንም» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ!

የማስገቢያው ቀን ነገ ያበቃል፤ ደረሰኞቹ ግን ጭምድድ ብለዋል። እና እማዬ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው፣ ነጠላዋን አለበስኳቸው፣ ከላይ በካውያ ተኮስኳቸው። ጎበዝ አይደለሁ?

ስትመጣ «ዓይንሽን ጨፍኚ!» አልኳትና ነጠላውን ገለጥኩት።

ነጠላው ምንም አልሆነም፤ የደረሰኝ ወረቀት ግን ለካ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፣ ደረሰኞቹ በሙሉ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። አንድ ቁጥር እንኳን አይነበብም።

እማዬ ዓይኗን እንደጨፈነች እየሳቀች ነው።

«አሁንስ ዓይኔን ልግለጥ?» አለችኝ።