ቀለሙን አጥፊልኝ

ቀጨኔ ውስጥ የሟች ፎቶ በመሥራት እንደ ጽጌረዳ የሚታመን የለም። ሰፈሩ ለአርባም ለሙት ዓመትም ፎቶ ቤቷን ያጨናንቃል። አብረው ከተነሡት መካከል በሕይወት ያሉትን በቀለማቸው ትተዋቸውና የሞተውን ብቻ ጥቁርና ነጭ ታደርገዋለች።

አንድ ጠዋት ጋሽ መሸሻ ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ። ሁለት ጎልማሶች እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ተቃቅፈው የተነሡትን ፎቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ።

«ይሄ ወንድሜ ዓለሜ ነው» አሉ እየጠቆሙ። «የሱን ቀለም አጥፊልኝ። የኔን እንዳትነኪ።»

ጽጌረዳ ያዘነ ሰው በጥያቄ አይነዘነዝም ብላ ኮምፒውተሯ ላይ የዓለሜን ቀለም ማጥፋት ጀመረች። ጋሽ መሸሻ ከኋላዋ ቆመው ያያሉ።

«ክራባቱ ላይ ትንሽ ቀይ ቀርቷል።»

አጠፋችው።

«ፈገግታውንስ ማጥፋት ይቻላል?»

«እሱ እንኳ ይቅር ጋሼ፤ በኋላ ይናፍቅዎታል።»

ጋሽ መሸሻ በአፍንጫቸው ተነፈሱ። እንባ እየተናነቃቸው ነው፣ ምስኪን፣ አለች በሆዷ። ፎቶውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ገበያ ሄዱ።

ጽጌረዳ አንዱን ቅጂ «ነፍስ ይማር» ብላ መስኮቷ ላይ ለጠፈችው። የእድሩ ዳኛ ሲያልፉ አዩት፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ እሳቸውም ማንንም አልጠየቁም። ከሰዓት በኋላ ጡሩንባ ተነፋ፤ ድንኳኑም ጋሽ መሸሻ ደጅ ላይ ተተከለ።

ጽጌረዳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትደርስ ጋሽ መሸሻም ከገበያ ተመለሱ። ድንኳኑን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቀሩ። ዳኛው አቀፏቸው።

«እግዜር ያጽናህ መሸሻ። ዓለሜን የመሰለ ሰው።»

ጋሽ መሸሻ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ለአንድ ክንድ የርስት አጥር ብዬ ተጣልቼ» አሉ፣ «ወንድሜን ሳላናግረው ቀረሁ።» እንደ ሕፃን አለቀሱ። ጽጌረዳም አብራ አለቀሰች። ጠዋት አፍነውት የነበረው ሐዘን ወጣላቸው ብላ ፎቶዋን በልቧ አመሰገነች።

ልቅሶው እንደ ጋለ አንድ ሰውዬ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ከቁስቋም በኩል ቁልቁል እየሮጡ መጡ። ይንሰቀሰቃሉ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ጋሽ መሸሻ ላይ ተጠምጥመው አልለቅ አሉ፤ ጋሽ መሸሻም ዓይናቸውን ጨፍነው አጥብቀው አቀፏቸው። ብዙ ከተላቀሱ በኋላ ሰውዬው ጋቢውን ከራሳቸው ላይ ገፈፍ አድርገው ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ታዲያ የሞተው ማን ነው?» አሉ ጋሽ ዓለሜ።