ያልጠበቀ ክዳን

ይሄነውና ሰብሌ ዓይንና ናጫ ናቸው። በመካነ ሰላሙ ኮሌጅ ይህን የማያውቅ የለም።

እሱ የፊዚክስ መምህር ነው፤ እሷ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ። ያጣላቸው ከውጭ የሚሰጥ የምርምርና የማስተማሪያ ድጋፍ ነው። ይሄነው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት በሚያሳልፍ ቁስ፣ በሱፐርኮንዳክተር፣ ስለሚሠራ ኳንተም ኮምፒውተር ላስተምር ብሎ አመለከተ። ሰብሌ፣ መብራት ውሎ በማያድርበት አገር ይህ ምን ዓይነት ቅዠት ነው ብላ በስብሰባ መሀል አዋረደችው። ድጋፉ ከቀረ ትምህርቱ ሳይጀመር ይቀራል፤ እሱም ለስንት ዓመት የደከመበት ነገር አፈር ይበላል።

የድጋፉ ገምጋሚዎች ሊመጡ ሆነ። ሊያሳያቸው ያሰበው ክፉኛ የቀዘቀዘ ሱፐርኮንዳክተር ማግኔትን አየር ላይ ሲያንሳፍፍ ነው። ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ናይትሮጂን የኮርማ ዘር ከሚያቆዩበት ከብት አዳቃዮች ለምኖ አገኘና በትልቅ ፔርሙዝ ያዘው። ታፍኖ እንዳይፈነዳ ክዳኑን አላላው።

ሰብሌ አየችው። ሻይ ካለህ አካፍለን እንጂ ብላ መምህራኑን አሳቀችበት።

የቤተ ሙከራው ቁልፍ እሷ ጋ ነው። ይሄነው እሷን ከማመን ጅብ ማመን ይሻላል አለና ለማንም ሳይናገር ፔርሙዙን ወደሚኖርበት አክስቱ ቤት ይዞ ሄደ። እትዬ በዛች ብርድ ጠላታቸው ነው፤ ያለ ጋቢ ወጣህ ብለው ሲቆጡት አመሹ። ነገ እንግዶች እንደሚመጡ ሲነግራቸው ግን፣ አብሽር፣ ይቀናሃል አሉት።

ጠዋት ፔርሙዙን ቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ አኑሮ እንግዶቹን ሊቀበል ወጣ። ሲመለስ ሰብሌ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ።

ገምጋሚዎቹ ከበቡት። አልላቀቅ ያለውን ክዳን ታግሎ ከፈተው። ነጭ ጭስ ወጣ፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ሱፐርኮንዳክተሩ ላይ አፈሰሰው።

ሻይ ነው።

«ስኳሩስ ልኩ ነው?» አለች ሰብሌ።

ደሙ ፈላ። ምቀኛ፣ ሌባ፣ የሰው እንጀራ ዘጊ፤ ያላላት ነገር የለም። የቆመችበትን በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ማለ። እሷም በስም ማጥፋት ባልከስህ ሴት አይደለሁም አለችው። እንግዶቹ ተያይተው ወጡ፤ ድጋፉም አብሯቸው ወጣ።

ማምሻውን አንገቱን ደፍቶ ቤት ሲደርስ እትዬ በዛች በር ላይ ጠበቁት።

«ምነው ልጄ፣ ክዳኑን ሳታጠብቀው ሻይህ በረዶ ሆኖ አገኘሁት እኮ፤ ደፍቼ ትኩስ ሞላሁልህ። ጠጣኸው?»