በር የዘጋች መኪና

ሰርጉ የጎረቤት ነው፤ የሽማግሌውን ግቢ በር ዘግታ የቆመችው መኪና ግን የማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ታርጋዋን ለመድረክ መሪው ሹክ አሉት። እሱም በማይክሮፎን ደጋግሞ ጠራ።

ባለመኪናው አፉን በሶፍት እየጠረገ ወጣ።

"ምናለ አባባ፣ በሰው ደስታ ቀን ትንሽ ቢታገሱ?"

"እውነትህን ነው ልጄ። ሰዓት ደርሶብን ነው።"

እያጉረመረመ መኪናዋን አነሳ። ሽማግሌው አመስግነውት ገቡና የብረት በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ወንዶች ልጆቻቸው የእናታቸውን አስከሬን ተሸክመው ወጡ። ሴቷ ልጃቸው የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ተከተለች።

"ትንሽ ታገሽ" አሏት ሽማግሌው ክንዷን ይዘው። "እዚህ ሰርግ ነው። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ታለቅሻለሽ።"