የጋራው አድራሻ

ሙራድ ወረቀት ሊገዛ ወጣ ሲል ዕፀገነት ከኮምፒውተሩ ፊት ብቻዋን ቀረች። በሰፈሩ ኢሜይል ያለው የሙራድ የጽሕፈት ሱቅ ብቻ ስለነበር የገርጂ ሥራ ፈላጊ ሁሉ በእሱ አድራሻ ነበር የሚያመለክተው። የሁሉም መልስ አንድ ላይ ተደርድሮ ይመጣል፤ ማንም ቁጭ ብሎ ያየዋል። የእሷ ስም የለም። የጓደኛዋ የሊድያ ግን አለ፤ ሁለቱም ያመለከቱበት ድርጅት፣ “ሰኞ ለፈተና ይቅረቡ” ይላል።

ቅጥል አለች። ማመልከቻውን ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው ያስተየቡት። ዛሬ ጠዋት እንኳ ታክሲ ሲጠብቁ ሊድያ ትከሻዋን አቅፋ፣ “አይዞሽ፣ ያንቺም ይመጣል” ብላታለች። ምኗ በልጦኝ ነው? ጣቷ ማጥፊያው ቁልፍ ላይ አረፈ። በሩን አየት አደረገችና ተጫነችው። የሊድያ ስም ከስክሪኑ ጠፋ።

ወዲያው ሙራድ ወረቀቱን ታቅፎ ገባ።

“መልስ ፍለጋ ነው? ያንቺማ ትናንት መጥቷል” አላት። “ሊድያ እዚሁ ተቀምጣ አየችውና ‘እኔ እነግራታለሁ’ አለችኝ። አልነገረችሽም እንዴ?”

ዕፀገነት ጣቷን ገና ከቁልፉ አላነሳችም።

“ነግራኛለች” አለችው። “ሰኞ ነው።”